ዘለህ አትግባ፣ ገመዱን ጣል

ወሎ ውስጥ ክረምት ያለ አንድ ወሬ አያልፍም። "ውሃ ወሰደው" ይባላል። ወይ እረኛ ነው፣ ወይ ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው፣ ወይ ሊዋኝ የወረደ ተማሪ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይደረሳል። መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል ነገሩም ይረሳል። በሚቀጥለው ሐምሌ ወሬው የሌላ ቤት ስም ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የምጽፈው ዳር ላይ ስለሚቆሙት ነው። ማንም ሳይቀጥራቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው ሰው ስለሚያሻግሩት፣ ሰው ስለሚያወጡት። የእነሱ ነገር ያስጨንቀኛል። ድፍረት ሞልቷቸዋል። ገመድ ግን የላቸውም። ገመድ ያላቸውም እንዴት እንደሚያዝ ያሳያቸው የለም።

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትሄዱ፣ ሐርቡ አካባቢ፣ ወደ ቦርከና የሚገቡ ገባሮች አሉ። በጋ ላይ አሸዋና ጠጠር ናቸው። ልጆች ኳስ ይጫወቱባቸዋል፣ ግመል ነጂው በመሐላቸው ያልፋል። እንግዳ ሰው ወንዝ መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ቆላው ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ቆቦ ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው። የጎሊና ወንዝ ከተራራው ሞልቶ ሲወርድ ሜዳው ላይ ያለው ሰው አንዲት ጠብታ ላያይ ይችላል።

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ከሩቅ፣ ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስና የአፈር ሽታ። ከዚያ ቡናማው ውሃ፣ ከነግንዱ፣ ከነድንጋዩ። ድምፁን ሰምቶ "ልለፍና" የሚል ሰው ጊዜ ያለው ይመስለዋል። የለውም።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ከእንዲህ ያለ መሻገሪያ ቆሜ ነበር። በዚህም በዚያም ሰው ተከማችቷል። አሻጋሪዎቹ ወጣቶች ናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለዋል፣ አንዳንዶቹ ሽርጥ አገልድመዋል። የሚታዘዙት ግን ጸጉራቸው ለሸበተ አንድ ሰው ነው። ሁሉም "አያ" ነው የሚላቸው። የወንዙ ሙላት ሲመጣ አያ ነጣ ያለች ድንጋይ አነሡና ውሃው ከደረሰበት ጫፍ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ቁጭ አሉ።

ሽንኩርት የጫነች አህያ የያዘ ነጋዴ መጣ። ፊቱ ላይ ችኮላው ይታያል።

"አያ፣ ገበያው ሊያመልጠኝ ነው። በአላህ አሻግሩኝ።"

"እስቲ ድንጋይዋን እያት" አሉት። "ትታያለች?"

"አትታይም።"

"እንግዲያ ገና እየጨመረ ነው። ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል። ተቀመጥ የኔ ልጅ።"

ነጋዴው ትንሽ አጉረመረመ። አህያዋን ከግራር ሥር አሰረና ተቀመጠ። ሌላውም ሰው እሱን አይቶ ተቀመጠ። ደብተሯን በፌስታል የጠቀለለች አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷም። ድንጋይዋ እንደገና ብቅ ብላ ዙሪያዋ እስኪደርቅ ድረስ ማንም አልተሻገረም። ከዚያ ወጣቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቀጥ ሳይሉ ሰያፉን ወደ ታች እየሄዱ፣ ሰዉን አንድ በአንድ አሻገሩት።

ያን ቀን ማንም አልሰጠመም። የማንም ስም በዜና አልተጠራም። ለእኔ ግን ካየሁት የማዳን ሥራ ሁሉ ትልቁ የዚያ ሰው ቁጭ ማለት ነው። ሰው እንዲጠብቅ ማድረግ ከባድ ነው። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የሚነሣው ምዕመን አይጠብቅም፣ ቀኑ ይደርስበታል። ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደውም እንዲሁ። መውሊድ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዝ ገና ሳይጎድል ነው የሚውለው። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ዳር ላይ "ቆይ" የሚል፣ ሲልም የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል። ከወረዳ የመጣ ወረቀት ይህን አይሠራም። አያ ግን ይሠሩታል።

ውሃውን ንቀን ነው የምንሞተው። በኃይል የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት የተሻገርንበት ቦታ ዛሬ ሌላ ነው የምለው ለዚህ ነው። ባጃጅና ሚኒባስ የምትነዱ ወንድሞቼ፣ ለሰው ነፍስ ብላችሁ፣ ከታች ያለው አስፋልት ይኑር አይኑር በማይታይበት ውሃ ውስጥ አትግቡ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ።

ሰው ሲሰጥም ሰው ያድናል። ይህ ተፈጥሯችን ነው። ወሎዬ ደግሞ ሰው እየጮኸ ዳር ላይ ቆሞ አያይም። ወንድም ወንድሙን ተከትሎ ይገባል፣ አባት ልጁን ተከትሎ ይገባል። ከዚያ ከአንድ ቤት ሁለት ቃሬዛ ይወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የሆነውን ሁላችንም አንረሳውም። ዝናብ ያመጣው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት አካፋውንም፣ ባዶ እጁንም ይዞ ሮጠ። ያ ሕዝብ እየቆፈረ እያለ ሁለተኛው ናዳ ላዩ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹም ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ። ናዳና ወንዝ ይለያያሉ። የአዳኙ ልብ ግን አንድ ነው፣ የሚከፍለውም ዋጋ አንድ ነው።

"ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል" ይላል ተረቱ። አረፋ የሚጨብጥ ሰው አንገትህን ቢያገኝ አይለቅህም። ክፋት አይደለም፣ ትንፋሽ ፍለጋ ነው። አንተን ረግጦ ወደ ላይ ይወጣል። ጎበዝ ዋናተኛ መሆንህ ብዙም አይረዳህም። ሐይቅ ላይ የሚዋኝ ልጅ ጎርፍ ይዋኛል ማለትም አይደለም።

የመጀመሪያ እርዳታ የሚያሠለጥን አንድ ጓደኛዬ አለ። አንድ ቅዳሜ እነዚያን አሻጋሪዎች ሰብስቦ ያሳያቸውን አየሁ። ያመጣው ዕቃ ከሱቅ የተገዛ የናይለን ገመድና የዘይት ጀሪካን ነው። ባለ 5 ሊትር፣ ቢጫ። ጀሪካኑ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጨመረ፣ ባዶውን ከሆነ ነፋስ ይመልሰዋል። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ ገመዱን እጀታው ላይ ቋጠረ። ከዚያ ወረወረ።

"ሰውየው ላይ አትወርውር" አላቸው። "ከሱ አሳልፈህ ወርውር። ገመዱ ትከሻው ላይ ይደፋለት።"

ከወረወርክ በኋላ ደግሞ ቆመህ አትጠብቅም። ትቀመጣለህ፣ ተረከዝህን አፈር ውስጥ ትተክላለህ። ሌላ ሰው ከኋላህ ይይዝሃል። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠመጥምም፣ ይዞህ ይሄዳላ። ሰውየው ገመዱን ከያዘ ውሃው ራሱ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣዋል። ገመድ ከሌለ ሽመል፣ ሽመል ከሌለ የተጠመዘዘ ጋቢ። በደረትህ ተኝተህ ትዘረጋለታለህ። ውሃ ውስጥ መግባት የመጨረሻው የመጨረሻ ነው።

ወጣቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። የልጅ ጨዋታ መሰላቸው። ሲሞክሩት ግን ጀሪካኑ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሄድባቸዋል። ዳር ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች። ሥራዋን ትታ መጣችና "እስቲ እኔ" አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። ሁለተኛው ውርወራዋ ዒላማ የተደረገው ግንድ ላይ ተጋደመ። ዋና አታውቅም። ማወቅም አያስፈልጋትም። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር ናቸው። ሰው ሲወድቅም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ነፍስ አድን ስንል ጡንቻ ያለው ወንድ ብቻ ከታየን ግማሹን አዳኝ ቤት አስቀርተናል።

አንድ ነገር ላይ ልቆይ። ብዙ ቦታ ደፋሩ ልጅ ገመዱን ወገቡ ላይ ያስርና ይገባል። ጓደኞቹ ከዳር ይይዙታል። አስተማማኝ ይመስላል። ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ ሊሠራ ይችላል። የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ በጎ ፈቃደኞች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ለረጅም ዘመን ሰው ሲያወጡ የኖሩት እንዲህ ነው። አንዱ ቀበቶና ገመድ ታጥቆ ይዋኛል፣ ሌሎቹ ከአሸዋው ላይ ይስባሉ። በሚሮጥ ወንዝ ላይ ግን ያው ገመድ ይገድላል። ገመዱ ሲወጠር ልጁ መሐል ላይ ይቆማል፣ ውሃው ግን አይቆምም። ከኋላ እየገፋ ወደ ታች ይደፍቀዋል። ዳር ያሉት ሊያድኑት ብለው ባጠበቁ ቁጥር ይበልጥ ይሰጥማል። ባለሙያዎቹ በአንድ መሳብ የሚፈታ ቀበቶ አላቸው። እኛ የለንም። ስለዚህ ጎርፍ ላይ ገመድ ሰው ላይ አይታሰርም። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ አንብባችሁ ለወንድሞቻችሁ ብትነግሯቸው ለእኔ በቂዬ ነው።

ውሃው ራስህን ከወሰደህ ደግሞ በጀርባህ ተንጋለል። እግርህ ወደ ውሃው መሄጃ ይሁን፣ የእግር ጣቶችህ ከውሃ በላይ ይታዩ። ለመቆም አትታገል። እግርህ ድንጋይ መሐል ከተቀረቀረ ውሃው ይደፋሃል። እጅህን እየቀዘፍክ ሰያፉን ወደ ዳር ተጠጋ።

ከወጣ በኋላስ? እዚህ ላይ ብዙ ነፍስ እናጣለን። የሰጠመን ሰው ዘቅዝቀን እንይዛለን፣ ሆዱን እንጫናለን፣ ውሃው እንዲወጣ። የጠፋው ግን አየር ነው። ካልተነፈሰ መጀመሪያ ትንፋሽ ይሰጠዋል። አፍንጫውን ይዘህ፣ አፍህን አፉ ላይ ገጥመህ 5 ጊዜ። ከዚያ ደረቱን መሐል ላይ 30 ጊዜ ጠንከር አድርገህ ትጫናለህ፣ 2 ጊዜ ትተነፍስለታለህ፣ ሐኪም እስኪደርስ ወይም ራሱ እስኪተነፍስ ትቀጥላለህ። ሃፍረቱ ይገባኛል። የሰው ሴት ልጅ፣ የሰው ሚስት፣ ሕዝብ እያየ። ስለዚህ ሴቶችም ወንዶችም አስቀድመው ይሠልጥኑ። ነፍሱ የተመለሰለትም ሰው "ደህና ነኝ" ቢል እንኳ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ሳንባው በኋላ ሊታወክ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው ሰጥሞ እንደሞተ ይገምታል። ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ሞት የእኛን በመሰሉ አገሮች ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የጎርፍ አደጋ የወሰዳቸው እንኳ አልተቆጠሩም። የተባበሩት መንግሥታት በ2013 ዓ.ም. በየዓመቱ ጁላይ 25 የመስጠም መከላከያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። በእኛ ሐምሌ 18 ማለት ነው፣ የገብርኤል ዋዜማ። ወንዞቻችን አፍ እስከ ገደፋቸው የሚሞሉበት ሰሞን። ከዚህ የተሻለ ቀን ብንፈልግም አናገኝም።

ሕፃናቱን ካነሣሁ አይቀር፣ እነሱን የሚወስደው ሁልጊዜ ትልቅ ወንዝ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም በየጓሮው ኩሬ ሲቆፈር ታስታውሳላችሁ። ፕላስቲክ ተነጥፎበት። ፕላስቲኩ ሲረጥብ ያዳልጣል፣ የገባ ልጅ መውጫ የለውም። መንገድ ሲሠራ አፈር የወጣበት ጉድጓድም ክረምት ላይ ሞልቶ ይቀራል። ክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ልጁ ከብት ይዞ ይውላል፣ ይሞቀዋል፣ ይገባል። የእሾህ አጥር እና ከዳር እስከ ውሃው የተንጠለጠለ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ገመድ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሐይቅ ከተማ ላይ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን የምንዝናናበት ያ የሚያምር ውሃ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ዳር ላይ ጉልበት ድረስ ነው ብሎ የገባ ወጣት ጥቂት ሲራመድ መሬቱ ይጠፋበታል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እሱ ነው።

በሌላው ዓለም በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አድኖች ተደራጅተዋል። እንግሊዞች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1824 ጀምሮ አላቸው። ጀርመኖች ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በ1913 ነው። ያነሣሣቸው ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ቢንዝ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ የጀልባ መሳፈሪያው ድልድይ ተሰብሮ ሰው ዳር ላይ፣ ሌላ ሰው እያየው በመስጠሙ ነው። እነሱም ከቀብር በኋላ ነው የተደራጁት።

እኛ ግን ቀድሞውንም የተደራጀን ነን። ወሎ ቅሬ አለው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀበርበት ባይሆንም አንድ ላይ የሚቀብርበት ቅሬ። ጥሩምባ ሲነፋ ሥራውን ጥሎ የማይወጣ የለም። ውሃ የወሰደውን ሰው አስከሬን ለመፈለግ ስንትና ስንት ሰው ወንዝ ለወንዝ ሲወርድ ይውላል። ቀናት ይፈልጋል። አይሰለችም። አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ጠላቂ ዋናተኞች እስኪመጡ ይጠበቃል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አንጎል ያለ አየር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ጠላቂዎቹን አመሰግናለሁ፣ ለቤተሰብ አስከሬን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ግን በሕይወት የሚያወጣው እዚያው ያለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቅሬው ድንኳን፣ ድስትና አካፋ ይገዛል። በዚያው መዝገብ ላይ ሁለት ገመድና አራት ጀሪካን ይግባ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ የሚሠራ ተቋም ነው፣ የመጀመሪያ እርዳታም ያሠለጥናል። ጥቂት ቅሬዎች ተሰባስበው ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሥልጠና ይጠይቁ። በየዓመቱ የክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲታወጅ ወጣቱ ችግኝ ይተክላል፣ የአረጋውያንን ቤት ያድሳል፣ ደም ይለግሳል። ደስ ይላል። በዚያ ላይ የመሻገሪያ ጥበቃ ይጨመርበት። ፈረቃ ይያዝ።

ደጋው ላይ ያለ ቅሬና ቆላው ላይ ያለ ቅሬ ስልክ ይለዋወጡ። ላይ ሲጥል ታች ይደወል። ታች ያለው ደግሞ የሰማውን ለራሱ ይዞ አይቀመጥ። ጥሩምባው ለሞት ብቻ አይነፋ፣ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ የቤተክርስቲያኑ ደወል ለዚህም ይሁን። ለጎርፍ የተለየ ምልክት ይስማሙበት፣ ለቀብር ከሚነፋው ጋር እንዳይምታታ።

ይህን ሐሳብ ለአያ አጫውቻቸው ነበር። ሥልጠናውንም፣ ስልኩንም ወደዱት። ያሰቡት ግን የገመዱን ማደሪያ ነው።

"ሰብሳቢው ቤት ይቀመጥ ትላላችሁ" አሉኝ። "ሰብሳቢው ደሴ የሄደ ቀን ማን ይከፍተዋል? ከወንዙ አጠገብ ካለው ግራር ላይ ይሰቀል። ይሰረቃል ካላችሁ ደግሞ ተመልሰን እንገዛለን።"

እኔም የምለው ይኸው ነው። ግራሩ ላይ ይሰቀል፣ ልጅም ሊደርስበት ከሚችል ከፍታ ላይ።